የካሙኩንጂ ብረት ሠሪዎችና ያልተቀዳው መከለያ

ናይሮቢ ውስጥ ከኖርነው መካከል ካሙኩንጂን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የከሰል ምድጃ፣ ትልቅ ድስት ወይም ለአዳሪ ተማሪ የብረት ሣጥን ያስፈለገው ሰው እዚያ ይሄዳል። ሰፈሩ ገና ሳይታይ የመዶሻው ድምፅ ይሰማል። ኬንያውያን እንዲህ ያለውን ሥራ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ሲሆን፣ ስያሜው የወጣው ሠራተኞቹ ጣሪያ በሌለበት ሜዳ ስለሚውሉ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ጎብኝተዋቸው መጠለያ እንዲሠራላቸው አዘዙ። ጣሪያው መጣ፤ ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ።

የብረት ከሰል ምድጃን ወደ ኬንያ ያስገቡት ለባቡር ሐዲድ ሥራ የመጡ ሕንዶች እንደሆኑ ይነገራል። በ1980ዎቹ ውስጡ ሸክላ የሆነው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ወጣ። አዲስ አበባ ያሉ እናቶቻችን «ላቀች» የሚሏት ምድጃም የዚህችው የናይሮቢዋ ዘመድ ናት።

ሠሪዎቹ ግን ምድጃ ብቻ ሳይሆን ማሽንም ይሠራሉ። ብዙዎቹ በሕንዶች ወርክሾፕ ተቀጥረው ያዩትን ማሽን በኋላ በራሳቸው እጅ ከቁርጥራጭ ብረት ቀድተውታል፤ ኬኔዝ ኪንግ የተባሉት ምሁር ይህን በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ መዝግበውታል። የሐዲድ ቁራጭ መስፍ ይሆናል፣ የመኪና ባሌስትራ መሮ ይሆናል። የብየዳ ትራንስፎርመር ከአሮጌ የመዳብ ሽቦ በእጅ ይጠመጠማል፤ ሣጥን ስለሌለው ሽቦው እንዳለ ይታያል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚቆርጠው፣ የሚያጥፈውና የሚበይደው ክፍል በሚያስደንቅ ብልሃት ተቀዳ፤ መከለያው ግን አልተቀዳም። መከለያ ብረት ይበላል እንጂ ምድጃ አያወጣም። ይህን አለማወቅ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሂሳብ ነው።

አጎቴ በ1991 ከአገር ወጥተው እንጀራቸውን ያገኙት በአንድ የብየዳ ቤት ነበር። የሚበይዱት በፀሐይ መነጽር ነው። ጭምብል የሚያደርገውን «ሙሽራ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሌሊት ዓይናቸው አሸዋ እንደገባበት ሰው ያቃጥላቸዋል። የብየዳ ብርሃን የዓይንን ፊት የሚያቃጥለው ወዲያው ቢሆንም ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ በመሆኑ፣ እሳቸው ጥፋቱን የናይሮቢ አቧራ ላይ ይጥሉት ነበር። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲበይዱ ማታ ትኩሳት ይይዛቸዋል። ለዚያ ወተት ይጠጣሉ፤ ወተት ግን ጭሱን ከሳንባ አያወጣም።

በ1996 ትንሹ ግራይንደር ላይ የ180 ሚሊሜትር ዲስክ ለማስገባት መከለያውን ፈቱት። እንዲህ ያለው ዲስክ የሚችለው በደቂቃ ወደ 8,500 ዙር ነው፤ ትንሹ ግራይንደር ደግሞ 11,000 ያህል ይዞራል። ዲስኩ ፈነዳና የግራ ዓይናቸውን ወሰደው። የኬንያ የሥራ ደኅንነት ሕግ በ2007 ወጥቶ ሁሉንም የሥራ ቦታ እስኪያጠቃልል ገና አሥራ አንድ ዓመት ይቀር ነበር። ያን ጊዜ የደረሰላቸው የወገን መዋጮ ብቻ ነው፤ መዝገቡም «ለሕክምና» ብሎ አልፎታል።

ወደ ሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ የሠሩት ነገር ከላሜራ ቁራጭ የተጠቀለለ የግራይንደር መከለያ ነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ልጆቹ ሳቁ። በሳምንቱ አንዱ መጥቶ «አባባ፣ ለእኔም አንድ ይጠቅልሉልኝ» አላቸው።