ሐርጌሳ፦ ከሕንፃው በፊት ነርሶቹ



እ.ኤ.አ. በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ሀገሩን ከተማ ሐርጌሳን በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ ይነሱ የነበረው ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ ነው። ከተማዋ ፈረሰች። በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ወንድምና እህቶቻችን ድንበር ተሻግረው ወደ ሀገራችን በመግባት በሐርቲሼክና በሌሎች መጠለያዎች ተጠለሉ።

ጦርነት ሲያበቃ የፈረሰ ቤት በሲሚንቶ ይጠገናል። የሞተና የተሰደደ ነርስ ግን በሲሚንቶ አይተካም። ሐርጌሳም የገጠማት ችግር ይኸው ነበር፤ ሰው ቢመለስም የሚያክመው ባለሙያ አልነበረም። እናቶች ሊድኑ በሚችሉበት ምጥ ሕይወታቸው ያልፍ ነበር።

ኤድና አደን ኢስማኢል የሐኪም ልጅ ናቸው። በብሪታንያ ነርስነትና አዋላጅነት ተምረው በዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት አገልግለዋል። ጡረታ ሲወጡ በውጭ ሀገር ተመችቷቸው መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ንብረታቸውን ሸጠው፣ የጡረታ ገንዘባቸውን ጨምረው ሆስፒታል ሊሠሩ ሐርጌሳ ገቡ። የተሰጣቸው መሬት ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል! ግንባታው ሳያልቅ፣ በ2000 ከ30 በላይ ወጣቶችን ተቀብለው ነርስነት ማሠልጠን ጀመሩ። ሆስፒታሉ በመጋቢት 2002 በሩን ሲከፍት የሚሠራበት ሰው ተዘጋጅቶ ነበር። ያ ማሠልጠኛ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሩፈይዳ (ረ.ዐ) በድንኳኗ ቁስለኞችን ታክም ነበር፤ በኸንደቅ የቆሰለው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝም (ረ.ዐ) ወደዚያው ድንኳን ተወስዷል።

በቅርቡ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በርካታ ጤና ተቋማት ወድመዋል፣ ተዘርፈዋልም። መስጂድ ይሠራ ሲባል እጃችን አያጥርም፤ አልሐምዱሊላህ። ጤና ጣቢያ ይጠገን ሲባልም እንዘረጋዋለን። ግን ከጦርነት አካባቢ የመጣች አንዲት ተማሪ አዋላጅነት ተምራ ወደ ቀዬዋ እንድትመለስ ክፍያዋን የምንሸፍን ስንቶቻችን ነን? እሷ በሕይወቷ ሙሉ የምታዋልዳቸው እናቶች ሁሉ ለከፈለላት ሰው ሰደቀቱል ጃሪያ እንደሚሆኑለት ከአላህ ተስፋ እናደርጋለን።

በየመስጂዳችን ያለን ወጣቶች አሥር ሆነን ብንዋጣ አንዷን ማስተማር አይከብደንም። ከዚህ ጁሙዓ በኋላ እንነጋገርበት፤ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።