የኩሽ መንግሥትና «ኢትዮጵያ» የተባለው ስም

በፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚወርዱት ወንዞች፣ ብርም ሆነ ተምጫ፣ መጨረሻቸው ዓባይ ነው። የዓባይ መነሻ የሚባለው የግሽ ምንጭም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ በሰከላ ምድር ይገኛል። ስለዚህ የምዕራብ ጎጃም ልጅ ዓባይ ከየት እንደሚነሣ ሳይማር ያውቃል፤ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠየቅም «ወደ ምስር» ብሎ ይመልሳል። ከግሽ እስከ ምስር ባለው ረጅም መንገድ ላይ ማን እንደ ኖረና ምን እንደ ሠራ የሚነግረው ግን እምብዛም አያገኝም። መካከሉ እንደ ባዶ ምድር ተቆጥሮ ይዘለላል። በዚያ በተዘለለው ምድር ላይ ከግብፅ ጋር የተፎካከረ፣ ግብፅንም ራሷን ለጊዜው የገዛ፣ ከሮማ ጋር ተዋግቶ በክብር የታረቀ መንግሥት ነበረ። ስሙም ኩሽ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ኩሽ ማወቅ የሚገባን ጎረቤታችን ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ የራሳችን ስም ነገር ከእርሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነም ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የአሦርን ንጉሥ ሊወጋ ወጣ የተባለው ቲርሐቅ «የኢትዮጵያ ንጉሥ» ተብሎ ተጽፏል። ዕብራይስጡ ግን «ኩሽ» ነው የሚለው። ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር «አይቲዮፕያ» ይሉት ስለ ነበረ፣ መጻሕፍቱ ወደ ግሪክ ቋንቋ ሲመለሱ ኩሽ ኢትዮጵያ ሆነ፤ ወደ እኛም በዚሁ ስም ደረሰ። ከዚህ የተነሣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በተዘጋጀ የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ፒያንኪና ቲርሐቅ ከእኛ ነገሥታት ጋር ተቆጥረው ይገኛሉ። ይህን ያነበበ ተማሪ «ቲርሐቅ የእኛ ንጉሥ ነበርን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መምህሩ ምን ሊመልስለት ይገባል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው፤ ለመልሱ ግን አስቀድሞ የሰዎቹን ታሪክ ማየት ያሻል።

የኩሽ የመጀመሪያው ታላቅ ከተማ ከርማ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 ገደማ ጀምሮ ለ1000 ዓመት ያኽል ጸንቶ ኖረ፤ ከጭቃ ጡብ የተሠራው ታላቅ ቤተ ጣዖቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከዚያ ግብፆች አገሩን ይዘው ለ400 ዓመት ያኽል ገዙት። እነርሱ ሲደክሙ ደግሞ ዕጣው ተገለበጠ። ናፓታ ከሚባለው ከተማ፣ በጀበል ባርካል ተራራ ሥር፣ አዲስ የነገሥታት ዘር ተነሣ፤ ከእነርሱም አንዱ ፒዬ (ቀድሞ ፒያንኪ እየተባለ የሚጻፈው) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ730 ገደማ ወደ ሰሜን ዘምቶ ግብፅን አስገበረ።

ፒዬ የድሉን ታሪክ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ተወ። በድንጋዩ ላይ ካለው ሁሉ የእኔን ልብ የሚነካው የፈረሶቹ ነገር ነው። ሄርሞፖሊስ የተባለውን ከተማ ከብቦ ካስገበረ በኋላ የተሸነፈውን ንጉሥ ግምጃ ቤት አየ፤ ሴቶቹንም አቀረቡለት፤ ወደ እነርሱ ግን ፊቱን አላዞረም። ወደ ፈረሶቹ ጋጣ ገብቶ በከበባው ምክንያት በረኃብ ከስተው ባገኛቸው ጊዜ ግን እጅግ ተቆጣ፤ ከጠላቱ በደል ሁሉ ይህ የከፋ መሆኑንም ተናገረ። ለአዊ ፈረሰኞች ጎረቤት ለሆነ ሰው ይህ ቁጣ እንግዳ አይሆንበትም። በኤል ኩሩ ባለው የነገሥታቱ መካነ መቃብርም 24 ፈረሶች ተቀብረው ተገኝተዋል።

ቲርሐቅ የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ690 እስከ 664 ነገሠ። በናፓታና በግብፅ ብዙ ሕንፃ ሠርቷል፤ ኋላ ግን በብረት መሣሪያ የበረቱት አሦራውያን በ671 ሜምፊስን ያዙበት። ተከታዩም ግብፅን ለቆ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ግብፅን ማጣት ለኩሽ ፍጻሜ አልሆነም። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት በዚህ ላይ ነው። መንግሥቱ ከዚያ በኋላ አንድ ሺህ ዓመት ያኽል ኖሯል። መናገሻውም ወደ ደቡብ፣ ዛሬ ከካርቱም በስተ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሜሮኤ ተዛወረ። ሜሮኤ ያለችው በዓባይና በአትባራ መካከል ነው፤ በጎጃምና በጎንደር ደጋ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ በሁለቱም ወንዞች በኩል ይደርሳት ነበር። በዚያ ብረት ያቀልጡ ስለ ነበረ አሩ ኮረብታ ያኽል ተቆልሎ ይታያል። ነገሥታቱ የተቀበሩባቸው ፒራሚዶች ከግብፅ ፒራሚዶች ያነሱና ሾጠጥ ያሉ ናቸው፤ በቁጥር ግን ይበልጧቸዋል፤ በሱዳን ምድር ያሉት ከ200 በላይ ናቸው።

በሜሮኤ ሴቶችም ይነግሡ ነበር። በሐዋርያት ሥራ የተጠቀሰችው ህንደኬ የዚህ አገር ንግሥት ናት፤ ቃሉ ግን የተጸውዖ ስም ሳይሆን ለንግሥት ወይም ለንጉሥ እናት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ ኩሻውያን አስዋን ያለውን የሮማ ጦር መትተው የአውግስጦስን ሐውልቶች ማረኩ። የሮማው ሹም ፔትሮንዮስ ናፓታን አፈረሰ፤ ነገር ግን በመጨረሻ አውግስጦስ ግብሩን ትቶላቸው ታረቁ። እ.ኤ.አ. በ1910 ሜሮኤ ሲቆፈር ከናስ የተሠራ የአውግስጦስ ራስ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ተቀብሮ ተገኘ፤ የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ እንዲረግጠው ነው። ዛሬ በለንደን ቤተ መዘክር ይታያል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ዕዛና ወደዚህ አገር ዘመተ። ምክንያቱን ራሱ በድንጋይ ላይ አስጽፎታል፦ ኖባ የተባሉት ሕዝብ «ተከዜን አይሻገርም» ብለው ታብየው ጎረቤቶቻቸውን በመግደላቸው፣ መሐላቸውንም በማፍረሳቸው ነው። ዕዛና ተሻግሮ 23 ቀን አሳደዳቸው፤ የድንጋዩንም የሣሩንም ከተማ አቃጠለ፤ እህላቸውንና ናሳቸውን ወሰደ፤ ከዚያም ሁለቱ ወንዞች ወደሚገናኙበት ወደ ካሱ ደረሰ። ካሱ የተባለው ኩሽ ነው። በሜሮኤም በግሪክኛ የተጻፈ የአክሱም የድንጋይ ጽሑፍ ስብርባሪ ተገኝቷል።

ለስማችን ነገር የሚረዳው ግን ሌላው የዕዛና ድንጋይ፣ በግዕዝና በግሪክኛ የተጻፈው ነው። ንጉሡ የሚገዛቸውን አገሮች ሲቆጥር፣ ግዕዙ «ሐበሠት» ባለበት ቦታ ግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ይላል። በዚያው ተራ ዝቅ ብሎ ካሱ ለብቻው ተጽፏል። እንግዲህ በዕዛና ዘመን የአክሱም ቤተ መንግሥት «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ለሐበሻ ሰጥቶ፣ ኩሽን በራሱ ስም ለይቶ ይጠራው ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ያልቀላቀለ ንጉሥ እያለን እኛ የምንቀላቅልበት ምክንያት አይታየኝም። መምህሩ ለተማሪው «ቲርሐቅ የናፓታ ንጉሥ ነው፤ ስሙን ግን አክሱም ከ1600 ዓመት በፊት በራሷ እጅ ለራሷ ጽፋዋለች» ብሎ ቢመልስ እውነት ተናገረ። ስማችን የቲርሐቅን ዘውድ ሳይበደር በዚሁ ይቆማል።

ከሜሮኤ ውድቀት በኋላ በኖባዎች ምድር ሦስት የክርስቲያን መንግሥታት ተነሥተው ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው።

የኩሽ ቅርስ በዘራፊ እጅ ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1834 ፌርሊኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ወርቅ ፍለጋ ፒራሚዶችን አፈረሰ፤ ያገኘው የንግሥት አማኒሻኬቶ ጌጥ አሁን በበርሊንና በሙኒክ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም፣ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት አጠገብ ያለው የካርቱም ብሔራዊ ቤተ መዘክር ተዘርፏል።

የሜሮኤ ሰዎች የራሳቸው ፊደል ነበራቸው፤ 23 ምልክት አለው። እንግሊዛዊው ግሪፍዝ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፊደሉን ድምፅ ለይቶ አወቀ። ስለዚህ ጽሑፉን ድምፅ እያሰሙ ማንበብ ይቻላል፤ ከጥቂት ቃላትና ስሞች በቀር ግን ትርጉሙ ገና አልተፈታም። ስለ ዕዛና ዘመቻ ያለን ቃል የአሸናፊው ብቻ ነው፤ የካሱ ሰዎች ያን ዘመን እንዴት እንዳዩት ጽፈው እንደ ሆነም፣ ቃላቸው እስኪፈታ ድረስ አንሰማውም።