የሰማይ ቅማል፦ እቤት የተሠራው የእንጨት አውሮፕላን

በጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» ከጣልያን ስትመለስ ወሬው ሁሉ የእሷ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተሠራች አውሮፕላን መሆኗ ብዙዎቻችንን አስገርሟል። በዚያው ዓመት ደግሞ ፈረንሳይና እንግሊዝ አገር ተራ ሰው በየጋራዡ መጋዝና መላጊያ ይዞ የራሱን አውሮፕላን ሲሠራ ነበር። ነገሩን ያስጀመረው አንሪ ሚኜ የሚባል ፈረንሳዊ የሬዲዮ ባለሙያ ነው።

የሚኜ አውሮፕላን ኤችኤም 14 ትባላለች፤ የስሙ ሁለት ፊደላትና የንድፉ ተራ ቁጥር ናቸው። መጀመሪያ የበረረችው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1933 ነው። ፈረንሳዮቹ «ፑ ዱ ሲየል» አሏት፣ የሰማይ ቅማል ማለት ነው። እንግሊዞቹ ቅማሉን ተጸይፈው መሰለኝ «ቁንጫ» አደረጓት።

አሠራሯ ቀላል ነው። አጽሟ እንጨት፣ ገላዋ ኮምፔንሳቶ፣ ክንፏ ላይ የተወጠረው ጨርቅ። ሞተሯ 17 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። በእግር የሚረገጥ መሪ የላትም፤ ሁሉም በአንድ ዘንግ ነው። ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ የፊተኛው ክንፍ ራሱ ያዘነብላል፣ ወደ ጎን ሲሄድ የጭራው መሪ ይዞራል። ሚኜ በ1934 አሠራሩን በመጽሐፍ አወጣው። ሣጥን መምታት የሚችል ሰው አውሮፕላን መሥራት አያቅተውም ባይ ነበር። በ1935 ክረምት ራሱ በቅማሏ የእንግሊዝን የባሕር ወሽመጥ ተሻገረ፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝ አገር ማን ይቻለው!

ብዙም ሳይቆይ ሰው ይሞት ጀመር። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ደፍታ ቁልቁል ትሄዳለች፤ አብራሪው ዘንጉን ወደ ራሱ ይስባል፤ አትቃናም። አናጢውን መጠርጠር ቀላል ነበር፤ ማጣበቂያው ለቆ ይሆን? እንጨቱ ነቅዞ ይሆን? በ1936 ግን እንግሊዞች ፋርንቦሮ፣ ፈረንሳዮች ሻሌ ሜዶን ላይ አውሮፕላኗን እንዳለች ግዙፍ የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ አስገቧት። አፍንጫዋ ከ15 ዲግሪ በላይ ከተደፋ ዘንጉን መሳብ ምንም አያደርግም። የፊተኛው ክንፍ ከኋለኛው በላይ ተደርቦ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት አለ። አብራሪው ሲስብ ክፍተቱ ይበልጥ ይጠብና በዚያ የሚያልፈው አየር የኋላውን ክንፍ ያነሣዋል። ጭራው ሲነሣ አፍንጫው ይባስ ይደፋል። ፍሉድ ሜካኒክስ የወሰዳችሁ ሥዕሉ ወዲያው ይታያችኋል።

እኔን የሚከነክነኝ እነዚያ ሰዎች ትክክል የመሰላቸውን፣ ማንም አብራሪ የሚያደርገውን ማድረጋቸው ነው። ሥራቸውም የተጣራ ነበር፤ መጽሐፉ ያለውን አንድ በአንድ ተከትለዋል። ሚኜንም ቢሆን መኮነን ይከብደኛል፣ ራሱም የሚበረው በእሷው ነበርና። ግን ይህን ክፍተት በሜዳ ላይ ሙከራ ብቻ የሚለካበት መንገድ አልነበረውም።

ቅማሏ ታገደች። ሚኜ ግን የክንፎቹን አቀማመጥ አስተካክሎ በ1965 እስኪሞት ድረስ ንድፍ ማውጣቱን አልተወም። ከእሱ ንድፍ የተወለዱ ባለ ሁለት ክንፍ ትንንሽ አውሮፕላኖች ዛሬም ፈረንሳይ ውስጥ ይበራሉ።