ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ያለ ማነው?

ስሙኝማ፣ ከማንቡክ ልጀምር። መተከል ውስጥ፣ ዳንጉር ወረዳ፤ አገሩ ቆላ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባው ይነሳል። እዚያ ሰው ሲያተኩሰው ምን ነካው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወባ ነዋ!

እንግዲህ አንዲት ኮረዳ በሐሳባችሁ ሳሉልኝ። ልጅ ሳለች ቶንሲል አሟት ነበር፤ ተሻላት፣ ተረሳ። ከሳምንታት በኋላ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እየተፈራረቁ አበጡ፤ እሱም ለቀቃት። ልቧን ግን አልለቀቀም። የቶንሲሉን ባክቴሪያ ሊዋጋ የተነሳው የገዛ ሰውነቷ የልቧን በሮች አቁስሎ ጠባሳ ጥሎባቸው ሄደ። ሐኪሞች ሪውማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ይህ ነው፤ በአገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ የጎዳ።

ዓመታት አለፉና ትኩሳት መጣ። ሌሊት ላብ፣ ቀን ድካም፣ ከዚያ ክሳት። የወባ ኪኒን ዋጠች፤ ምንም የለም። አንቲባዮቲክ ገዝታ ጨመረች፤ ጥቂት ቀን ተሻላትና አገረሸባት። ክፉው ነገር እዚህ ላይ ነው! ያ ኪኒን ትኩሳቱን ያመጣባትን ባክቴሪያ አይጨርሰውም፤ በኋላ ደሟ ለካልቸር ሲቀዳ ግን ጀርሙ እንዳይበቅል ያደርጋል፤ ሐኪሙም ጠላቱን ሳያውቅ ይቀራል።

ባክቴሪያውማ ከድድ ወይም ከቁስል ተነስቶ፣ በደም ተጉዞ፣ ያ ጠባሳ ላይ ተጣብቋል። ከረጋ ደም ጋር ተጓጉሎ፣ ልብ በመታ ቁጥር እየተወዛወዘ ያድጋል። አንድ ቀን ይቆረጣል። ወደ ጣፊያ ከሄደ ግራ ጎኗን ይወጋታል፤ እግሯ ላይ ከወረደ እግሯ ይቀዘቅዛል። ወደ አንጎል ከወጣ አፏ ይጣመማል፣ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ይላል፤ ሰፈሩም መጋኛ መታት ይላል።

እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ የቧንቧው ማበጥ ነው፤ ጀርሙ የደም ቧንቧውን ግድግዳ ያሳሳዋል፣ የሳሳው ይነፋል፣ የተነፋው ይፈነዳል። ሐኪሙ ዊሊያም ኦስለር ይህንን እ.ኤ.አ. በ1885 ለንደን ላይ አስተምሯል፤ የሚያየው ግን በአብዛኛው ሬሳ ሲከፈት ነበር። በ1953 ስዊድን ውስጥ ኤድለርና ኸርትዝ የሚመታ ልብን በድምፅ ሞገድ ማየት ጀመሩ፤ የዛሬው ኢኮ ከዚያ መጣ። በደረት በኩል ካልታየ በጉሮሮ የሚወርድ ኢኮ አለ። የአንጎልን ቧንቧ ግን ኢኮ አያሳይም፤ ራስ ምታት ከበረታባት ቀለም ተወግቶ ሲቲ ስካን መነሳት አለባት። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ በሩ ከተበላሸ ቀዶ ሕክምና ይከተላል።

የማንቡኩ ጤና ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማዳመጫና ጥያቄ ነው። ልብሽን አሞሽ ያውቃል? ደረቷ ላይ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ፣ የወባው ምርመራም ነፃ ከሆነ፣ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ደሟ ይቀዳ፤ ያ እዚያ ካልተቻለ ሳይውል ሳያድር ወደ ፓዌ ሆስፒታል ትላክ።