ምት ትግልን ይቋቋማልን? ስለ ባዶ እጅ ግጥሚያዎችና ስለ ደንቦቻቸው የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

ያለ መሣሪያ በባዶ እጅ የሚደረግ ግጥሚያ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ተጋጣሚን በጡጫ፥ በእርግጫና በክርን እየመቱ ማሸነፍ ሲሆን፥ ሁለተኛው ይዞ መጣል፥ በመሬት ላይ አጣብቆ ማስቀረት፥ ክንድን መጠምዘዝና አንገትን ማነቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ምት፥ ሁለተኛውን ትግል እንለዋለን፤ የየጥበቡንም ባለሞያዎች መቺና ታጋይ ብለን እንጠራቸዋለን። ታጋይ የሚለው ቃል በቅርብ ዘመን ሌላ ሰፊ ትርጉም ስለ ተጨመረበት፥ እዚህ በቀድሞው ፍቺው መግባቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ከሁለቱ ማናቸው ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ካራቴና ቴኳንዶ በሚማሩ ወጣቶች ዘንድ ዘወትር የሚሰማ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ መቺው የመጀመሪያውን ምት ካልሳተ ያሸንፋል፥ ከሳተ ይያዛል፥ ከተያዘም አለቀለት ይባላል። ይህ አነጋገር ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ታሪክን ለሚመረምር ሰው አንድ ትልቅ ነገር ይሰውርበታል፤ ይኸውም የሁለቱ ጥበባት መለያየት ከተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን ሰዎች በደንብ የወሰኑት፥ በአንዳንድ አገርም ዓመቱ የሚታወቅ ሥራ መሆኑን ነው። ደንቡ ምን እንደሚከለክልና እያንዳንዱ ወገን በልምምድ ቤቱ ምን እንደለመደ ሳይታወቅ፥ እገሌ እገሌን አሸነፈ የሚለው ወሬ ብቻውን ስለ ጥበባቱ የሚያስረዳው እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይህንኑ በምሳሌ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰፊ የሆነው ጥንታዊ ማስረጃ ከግሪኮች የተገኘ ነው። ግሪኮች ራሳቸው በጠበቁት የዘመን መዝገብ መሠረት፥ በኦሊምፒያ በዓል ላይ ትግል በ708፥ ቡጢ በ688፥ ሁለቱን ያጣመረው ፓንክራቲዮን የተባለው ግጥሚያ ደግሞ በ648 ከልደተ ክርስቶስ በፊት ገብተዋል። ተጋጣሚዎች በክብደት አይከፈሉም ነበር፤ የጊዜ ወሰንም አልነበረም። ትግል የሚያልቀው አንዱ ሌላውን ሦስት ጊዜ ሲጥል ነው፤ ስለዚህ በትግል የወደቀ ሰው ተነሥቶ እንደ ገና ይገጥማል። በቡጢ መያዝ ክልክል ነበረ፤ ፍጻሜውም አንዱ ተሸነፍሁ ሲል ወይም መቀጠል ሲያቅተው ነው። በፓንክራቲዮን ግን ከመንከስና ዓይንን ከመጎርጎር በቀር ሁሉም የተፈቀደ ሆኖ፥ መውደቅ ግጥሚያውን አይፈጽመውም፤ የወደቀውም ሰው ይመታል፥ ይታነቃል፥ ይጠመዘዛል። እንግዲህ ግሪኮች ሦስቱንም ጎን ለጎን ያኖሩ ስለ ነበሩ፥ የእኛ ጥያቄ ለእነርሱ የቃል ክርክር ብቻ አልነበረም።

በሁለተኛው መቶ ዓመት ድኅረ ልደተ ክርስቶስ የነበረው መንገደኛ ጸሐፊ ጳውሳንያስ በኦሊምፒያ ስለቆሙት ሐውልቶች ሲጽፍ አንድ ጠቃሚ ታሪክ ያወሳል። በ212 ከልደተ ክርስቶስ በፊት የኤሊስ ሰው ካፕሮስ በአንድ በዓል ትግልንም ፓንክራቲዮንንም ሊያሸንፍ ተነሣ። የቴብ ሰው ክሊቶማኮስ ደግሞ ፓንክራቲዮንንና ቡጢን ሊያሸንፍ ፈለገ። ካፕሮስ ትግሉን ካሸነፈ በኋላ፥ ክሊቶማኮስ ወደ ዳኞቹ ቀርቦ፥ እኔ በቡጢ ሳልቆስል ፓንክራቲዮን አስቀድሞ ቢደረግ ፍትሕ ይሆናል ሲል አመለከተ። ዳኞቹም ነገሩን ተቀበሉት። በፓንክራቲዮኑ ካፕሮስ አሸነፈ፤ ክሊቶማኮስ ግን ሳይደክም ወደ ቡጢው ገብቶ የቡጢውን አክሊል ወሰደ።

ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው ከዚህ ታሪክ፥ ታጋዩ መቺውን በጥምሩ ግጥሚያ አሸነፈው፥ ስለዚህ ትግል ይበልጣል ይል ይሆናል። ነገር ግን ይኸው ክሊቶማኮስ ከአራት ዓመት በፊት በ216 በዚያው በኦሊምፒያ የፓንክራቲዮን አሸናፊ ነበረ፤ በኢስትሞስ በዓልም በአንድ ቀን ሦስቱንም ግጥሚያዎች ድል አድርጓል። እርሱን መቺ ብቻ ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። ከዚያም በብዙ ዘመን ይቀድም የነበረው የታሶስ ሰው ቴአጌኔስ በ480 ቡጢን፥ በ476 ፓንክራቲዮንን አሸንፏል። በ480 ሁለቱንም ሊገጥም ተመዝግቦ ሳለ፥ ከኤውቲሞስ ጋር ያደረገው የቡጢ ግጥሚያ እጅግ ስላደከመው ለፓንክራቲዮኑ መቅረብ ተስኖት መቀጫ ተጣለበት።

ከሁለቱ ታሪኮች በእርግጥ የምንማረው ሌላ ነገር ነው። ካፕሮስ ታግሎ በዚያው ቀን ለሌላ ግጥሚያ ብቁ ነበር፤ ቴአጌኔስ ግን ቡጢ ተጋጥሞ ለሌላ ግጥሚያ አልተረፈም፤ ክሊቶማኮስም የፈራው ይህንኑ ነው። ምት አሸናፊውንም ያቆስላል። ይህ ነጥብ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በጃፓን ትልቅ ውጤት እንዳመጣ ወደ ፊት እናያለን።

በእንግሊዝ አገር የቡጢ ግጥሚያ ሲስፋፋ፥ ቡጢና ትግል ገና አልተለያዩም ነበር። ጃክ ብሮተን በ1743 ያወጣው ደንብ የወደቀን ሰው መምታት ከለከለ፤ ከወገብ በታች መያዝንም ከለከለ። ከወገብ በላይ ይዞ መጣል ግን የተፈቀደ ነበረ። በ1838 የወጣው የለንደን ደንብም ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ ዙር የሚባለው በደቂቃ የሚቆጠር ሳይሆን አንዱ እስኪወድቅ ያለው ጊዜ ስለ ነበረ፥ ሰውን በዳሌ አሽከርክሮ መሬት ላይ መጣል የቡጢኛ ዋና ሞያ ነበር። በ1795 ጆን ጃክሰን ስመ ጥሩውን ዳንኤል ሜንዶዛን ያሸነፈው ረጅም ጠጉሩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እየደበደበ ነው፤ ዛሬ እንዲህ ያለውን ነገር ቡጢ ብሎ የሚጠራው የለም። መለያየቱን ያጸናው በ1867 በኩዊንስቤሪ ማርኪስ ስም የታተመው ደንብ ነው። ይህ ደንብ መታገልንና መተቃቀፍን ከለከለ፤ ዙርን በሦስት ደቂቃ ወሰነ፤ ጓንትንም አዘዘ። የሆነ ሆኖ አሮጌው ልማድ ወዲያው አልጠፋም። ጆን ሳሊቫን በ1889 ጄክ ኪልሬንን በ75 ዙር ያሸነፈበት ግጥሚያ፥ በባዶ እጅ ከተደረጉት ታላላቅ የሻምፒዮና ግጥሚያዎች የመጨረሻው፥ በለንደን ደንብ የተካሄደ ነበረ፤ ሳሊቫንን ለዚያ ቀን ያዘጋጀውም ዊልያም ማልዱን የተባለ የትግል ሰው ነው።

እንግሊዞች እንዳደረጉት ምትንና ትግልን መለየት የግድ እንዳልነበረ ለማስተዋል ወደ ምዕራብ አፍሪካ መመልከት ይበቃል። ዳምቤ የተባለው የሐውሳ ሕዝብ ግጥሚያ የምት ግጥሚያ ነው፤ ተጋጣሚው አንዱን ጡጫውን በገመድ ጠቅልሎ እንደ ጦር ይመታበታል፥ ሌላውን እጁን ዘርግቶ እንደ ጋሻ ይመክትበታል። ፍጻሜው ግን የትግል ፍጻሜ ይመስላል፤ እጁ ወይም ጉልበቱ ወይም ገላው መሬት የነካ ሰው እንደ ተገደለ ይቆጠራልና። በሴኔጋል ያለው ላምብ ደግሞ በመሠረቱ ትግል ነው፤ ሆኖም ምት የተፈቀደበት አንድ ዓይነት አለው። በዚህኛው ታጋዩ ባዶ ጡጫውን የሚሰነዝረው ተጋጣሚውን አደንዝዞ ለመያዝና ለመጣል ነው፤ ድሉ የሚቆጠረው በመጣል ነውና። የአንድን ሕዝብ ጨዋታ ለመመዝገብ ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ ስለዚህ ማን እንዳሸነፈ ከመጻፉ አስቀድሞ ግጥሚያው በምን እንደሚያልቅ ጠይቆ መጻፍ ይገባዋል። ብዙዎች መንገደኞች የተዉልን መግለጫ በዚህ በኩል ጎደሎ ነው፤ የተጋጣሚዎቹን ጡንቻና የከበሮውን ድምፅ አምርረው ሲገልጹ የዳኛውን ፍርድ ዘንግተውታል።

አሁን ወደ ጃፓን እንለፍ። ካኖ ጂጎሮ በ1882 ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁም፥ ከቀድሞዎቹ የጁጁትሱ ቤቶች የተቀበለው ጥበብ ምትም ትግልም ነበረበት። ካኖ ምቱን አልጣለውም፤ ነገር ግን አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል በሚሠራው ልምምድ ብቻ እንዲቀር አደረገ። ሁለት ሰዎች በሙሉ ኃይላቸው በነፃነት በሚጋጠሙበት ልምምድ ምት ተከለከለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሙሉ ኃይል የሚጥል ሰው ተጋጣሚው መውደቅን ከተማረ ነገም ተመልሶ ይገጥመዋል፥ በሙሉ ኃይል የሚመታ ግን ተጋጣሚውን ለነገ አያተርፍም። ክሊቶማኮስ ለዳኞቹ ያመለከተው ነገር እዚህ የትምህርት ቤት ሥርዓት ሆነ።

በሌላ ወገን ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ያመጣው ፉናኮሺ ጊቺን በ1922 ካኖ ጋብዞት በኮዶካን ጥበቡን አሳየ። ያሳየውም ብቻውን የሚሠራውን ቅደም ተከተላዊ ልምምድ ነው፤ በነፃ መጋጠምንም አይወድም ነበር። የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመላ ጃፓን ውድድር የጀመረው ፉናኮሺ ባረፈበት በ1957 ነው። እንግዲህ የጁዶ ተማሪ ገና ከመጀመሪያው እምቢ ከሚል፥ ከሚገፋና ከሚስብ ሰው ጋር በየቀኑ ሲፋለም፥ የካራቴው ተማሪ ለብዙ ዓመታት አየርን ይመታ ነበር። በእኔ አስተያየት፥ ከዚያ በኋላ ታጋዮች በመቺዎች ላይ ላገኙት ድል የሚበዛው ምክንያት ይህ ነው እንጂ መያዝ በባሕርዩ ከመምታት ስለ በለጠ አይደለም። ቡጢኛው በጓንት እውነተኛ ፍልሚያ ይለማመድ የለምን ቢባል፥ አዎን፤ ነገር ግን ከ1867 ጀምሮ የተለማመደው ሊይዘው ከማይፈቀድለት ሰው ጋር ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት የተደረጉት ፈተናዎች ይህንን ያስረዳሉ። በ1963 በአሜሪካ በሶልት ሌክ ከተማ የጁዶው ጂን ለቤል ቡጢኛውን ማይሎ ሳቬጅን በአራተኛው ዙር አንቆ አሸነፈው፤ ሳቬጅ የካራቴ ልብስ ለብሶ ነበር፥ ይህም ለሚይዝ እጅ እርዳታ ነው። በ1976 በቶኪዮ መሐመድ አሊና ታጋዩ አንቶኒዮ ኢኖኪ ተገናኝተው 15 ዙር በእኩል ፈጸሙ። ኢኖኪ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የአሊን እግር ሲራገጥ፥ አሊ እጅግ ጥቂት ጡጫ ብቻ ሰነዘረ። ገንዘብ የከፈለው ሕዝብ ተቆጣ፤ ለጥያቄያችን ግን የተገኘ መልስ የለም።

ዋናው ፈተና ሥሩ በብራዚል ነው። የኮዶካን ሰው የነበረው ማኤዳ ሚትሱዮ በ1914 ወደ ብራዚል ገብቶ በቤሌም ከተማ ተቀመጠ፤ ትምህርቱም ወደ ግሬሲ ቤተሰብ ተላለፈ። ግሬሲዎች የመሬት ላይ ትግልን ከሁሉ አብልጠው አሳደጉ፤ ሁሉም በተፈቀደበት ግጥሚያም ሌሎችን ጥበባት ይፈታተኑ ነበር። ከቤተሰቡ አንዱ ሮሪዮን ግሬሲ ከሌሎች ጋር ሆኖ በኅዳር 1993 በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ የስምንት ሰዎች ውድድር አዘጋጀ። መንከስና ዓይን መጎርጎር ተከለከለ፤ የኦሊምፒያ ዳኞች የከለከሉት ያው ሁለቱ ነገር መሆኑ ያስደንቃል። የክብደት ክፍል አልነበረም፤ ነጥብ የሚቆጥር ዳኛም አልነበረም፤ መድረኩም ተጋጣሚ ሸሽቶ እንዳይወጣበት በአጥር የተከበበ ነበር። የሮሪዮን ታናሽ ወንድም ሮይስ በዚያ ምሽት አንድ ቡጢኛ፥ አንድ ታጋይ፥ በመጨረሻም ጄራርድ ጎርዶ የተባለውን የካራቴና የእርግጫ ሰው አሸነፈ። በቀጠሉት ውድድሮችም ሁለት ጊዜ ዳግመኛ አሸነፈ። ውድድሩን ያዘጋጀው ቤት የራሱን ልጅ ማቅረቡን ታሪክ መርማሪ ሊያልፈው አይገባም፤ ቢሆንም ድሉ እውነተኛ ነበር፥ መቺዎቹም ከወደቁ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባ ፈጽሞ እንዳላወቁ ሁሉም አይቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1995 የጊዜ ወሰን ገባ፤ ሮይስ በዚያው ዓመት ከኬን ሻምሮክ ጋር 36 ደቂቃ ቆይቶ በእኩል ወጣ። ተጋጣሚ እስኪደክም በመሬት ላይ መጠበቅ የግሬሲዎች ትልቁ ኃይል ስለ ነበረ፥ ሰዓት ሲቆጠር ኃይሉ ተቀነሰ። ቀጥለውም ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ታጋዮች ተነሡ፤ ከእነርሱም አንዱ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የታገለው ማርክ ኮልማን ነው። ኮልማን ሰውን ጥሎ፥ ከላይ ሆኖ በጡጫና በግንባሩ ይደበድብ ስለ ነበረ፥ ድሉ የትግል ነው ወይስ የምት ነው ለማለት ያስቸግራል።

በሐምሌ 1997 በአላባማ ክፍለ ግዛት ሞሪስ ስሚዝ የተባለ የእርግጫና የጡጫ ሻምፒዮን ከኮልማን ጋር ተጋጠመ። ብዙዎች ስሚዝ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደሚሸነፍ ተናግረው ነበር። ኮልማንም እንደ ተጠበቀው ጣለው። ስሚዝ ግን ከታጋዮች ጋር ሲለማመድ ቆይቶ ነበርና፥ በጀርባው ሆኖ የኮልማንን እጅ እየያዘና እየጠበቀ አደከመው፤ ከዚያም ተነሣ። ከተነሣ በኋላ ኮልማን መተንፈስ አቅቶት እጆቹን በጉልበቶቹ ላይ ጥሎ ሲቆም፥ ስሚዝ እግሩን በእርግጫ ይመታው ነበር። 21 ደቂቃ ሲሞላ ዳኞቹ ለስሚዝ ፈረዱ። ስሚዝ በዚያ ምሽት ኮልማንን አንድ ጊዜ እንኳ መጣል አላስፈለገውም፤ ከታጋዮቹ ዘንድ ተምሮ የመጣው ወድቆ መነሣትን ነበርና።