የኢትዮጵያ የስልክ አካባቢ ኮዶች

የኢትዮጵያ የስልክ አካባቢ ኮድ አንድ መደበኛ (የመስመር) ስልክ በየትኛው የአገሪቱ ክፍል እንደሚገኝ የሚያመለክት መለያ ቁጥር ነው። አሁን ያሉት ዘጠኝ ኮዶች የተጀመሩት መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. (17 ሴፕቴምበር 2005 እ.ኤ.አ.) ነው። የአገሪቱ ዓለም አቀፍ ኮድ +251 ነው።

ከ1998 ዓ.ም. በፊት

ቀድሞ ኮዶቹ ከ01 እስከ 08 ሲሆኑ፣ ከኮዱ ቀጥሎ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይደወል ነበር። አዲስ አበባ 01፣ ናዝሬት (አዳማ) 02፣ ደሴ 03፣ ድሬዳዋና ሐረር 05፣ አዋሳ 06፣ ጅማ 07፣ ባሕር ዳርና ጎንደር 08 ነበሩ። 09 ለሞባይል ተሰጠ። ኤርትራም እስከ ነፃነቷ ድረስ በ+251 ሥር ስትሆን፣ በኋላ የራሷን ኮድ +291 አግኝታለች።

የ1998ቱ ለውጥ

በለውጡ የአካባቢ ኮዱ ዜሮን ጨምሮ ሦስት አሃዝ፣ የደንበኛው ቁጥርም ሰባት አሃዝ ሆነ። ለምሳሌ በአዲስ አበባ በ01-51 ይጀምሩ የነበሩ ቁጥሮች 011-551 ሆኑ። 07 ለሁለት ተከፍሎ 047 እና 057 ሆነ። በ09-2 ይጀምሩ የነበሩት የሞባይል ቁጥሮች ደግሞ 0911-2 ሆኑ። ከውጭ አገር ሲደወል ዜሮው ስለሚቀር፣ ለአዲስ አበባ +251-1 የነበረው +251-11 ሆኗል።

አሁን ያሉት ኮዶች

• 011 – አዲስ አበባና አካባቢዋ
• 022 – ደቡብ ምሥራቅ (አዳማ፣ አሰላ፣ ጎባ)
• 025 – ምሥራቅ (ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ)
• 033 – ሰሜን ምሥራቅ (ደሴ፣ ሰመራ)
• 034 – ሰሜን (መቀሌ፣ አዲግራት)
• 046 – ደቡብ (ሐዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ)
• 047 – ደቡብ ምዕራብ (ጅማ፣ ጋምቤላ)
• 057 – ምዕራብ (ነቀምቴ፣ አሶሳ)
• 058 – ሰሜን ምዕራብ (ባሕር ዳር፣ ጎንደር)

ኮዶቹና የክልል ወሰን

ኮዶቹ የክልሎችን ወሰን አይከተሉም። በአማራ ክልል የሚገኙት ደብረ ብርሃን፣ ደሴና ባሕር ዳር በቅደም ተከተል 011፣ 033 እና 058 ይጠቀማሉ። በአንጻሩ በኦሮሚያ የምትገኘው ሻሸመኔና በሲዳማ የምትገኘው ሐዋሳ በአንድ ኮድ ይገለገላሉ። ስለዚህ ከአካባቢ ኮዱ ብቻ ደንበኛው በየትኛው ክልል እንደሚገኝ ማወቅ አይቻልም።

ሞባይልና የኮዶቹ ጥቅም መቀነስ

የሞባይል አገልግሎት በኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የሞባይል ቁጥር ከባለቤቱ ጋር ስለሚንቀሳቀስ፣ በመቀሌ የተገዛ ሲም ካርድ በጅማም በዚያው ቁጥር ይሠራል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ሲጀምር ቁጥሮቹ በ07 እንዲጀምሩ ተደረገ። በመሆኑም ቀድሞ የጅማ መለያ የነበረው 07 ዛሬ የሚያመለክተው ቦታን ሳይሆን የአገልግሎት ሰጪውን ድርጅት ነው። በድሮ ደብዳቤ፣ ማስታወቂያ ወይም የስልክ ማውጫ ላይ 07 የሚል ቁጥር ያገኘ አንባቢ ቁጥሩ የተጻፈበትን ዘመን ማየት ይኖርበታል።