ጣሪያ የሌለው አፀደ ሕፃናት

በኦገስት 1851 የፕሩሲያ መንግሥት በግዛቱ ያሉት አፀደ ሕፃናት በሙሉ እንዲዘጉ አዘዘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ያን ጊዜ እኛ ዘንድ አፄ ቴዎድሮስ ሊነግሡ አራት ዓመት ገደማ ይቀራቸው ነበር።) የትምህርት ሚኒስትሩ የካርል ኦቶ ፎን ራውመር ክስ፣ እነዚህ ቤቶች ሃይማኖት የለሽነትንና ሶሻሊዝምን ይዘራሉ የሚል ነው። የተፈሩት እንግዲህ ኳስ የሚያንከባልሉ፣ አፍንጫቸውን እንኳ በቅጡ መጥረግ የማይችሉ ልጆች ናቸው!

ለነገሩ የስም መመሳሰልም አለበት። ካርል ፍሮብል የተባለ የለውጥ አቀንቃኝ ስለ ሴቶች ትምህርትና ስለ አፀደ ሕፃናት አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ባለሥልጣናቱ እሱንና የአፀደ ሕፃናትን መሥራች፣ አጎቱን ፍሪድሪሽ ፍሮብልን ቀላቀሏቸው። ሽማግሌው የተሳሳተ ሰው እንደከሰሱ ቢያስረዱም የሰማቸው የለም። በተከታዩ ዓመት በጁን ወር፣ እገዳው እንደጸና አረፉ።

ፍሪድሪሽ ፍሮብል በ1782 በቱሪንጊያ፣ ኦበርቫይስባኽ በምትባል መንደር ከአንድ ቄስ ቤት ተወለዱ። እናታቸው የሞቱት እሳቸው ገና የዘጠኝ ወር ልጅ ሳሉ ሲሆን ከእንጀራ እናታቸው ጋርም አልተስማሙም። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ሙያ እንዲማሩ ለአንድ የደን ሹም ተሰጡ። ሰውዬው ግን ለማስተማር ጊዜ ስላልነበረው ልጁ ከዛፍና ከቅጠል ጋር ብቻውን ከረመ። ፍሮብል በኋላ ስለ ሕፃናት የጻፉት በመጻሕፍት ተከምሮ ይገኛል። እኔ ግን የሁሉም ሥር ያ ጫካ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ትናንሽ ልጆች እየተጫወቱ የሚማሩበትን ቤት ከፈቱ፤ ኪንደርጋርተን፣ ማለትም አፀደ ሕፃናት፣ የሚለውን ስም ያወጡለት በ1840 ነው። እያንዳንዱ ልጅ የሚኮተኩታት የግል መደብ ነበረችው፤ የሁሉም የሆነ የጋራ መደብም ነበር።

እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። ለዚህም በርታ ፎን ማረንሆልትስ ቢውሎ የተባሉት ባላባት ሴት ያላንኳኩት በር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክም በአብዛኛው የሴቶች ነው። አንዲት ሴት ልጆች ሰብስባ ደጅ ትወጣለች፤ ፈቃዱና ደንቡ ከዓመታት በኋላ ይከተላታል።

ለንደን ውስጥ ዴፕትፎርድ በተባለው የድኆች ሠፈር ሬቸልና ማርጋሬት ማክሚላን የሚባሉ እኅትማማቾች በ1910 ለልጆች ክሊኒክ ከፈቱ። ሕፃናቱ ቆዳቸው የቆሰለ፣ አጥንታቸው የተጣመመ፣ ጥርሳቸው የበሰበሰ ነበሩ። ታክመው ይድኑና ከሳምንታት በኋላ ያንኑ በሽታ ይዘው ይመለሳሉ፤ የሚያድሩበት ቤት ጨለማና የታፈነ ነውና። እኅትማማቾቹ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ ሲያዩ ልጆች ደጅ የሚያድሩበት ካምፕ ተከሉ፤ በ1914 ደግሞ ለትንንሾቹ የሚሆን መዋዕለ ሕፃናት አቋቋሙ። ነፋስ የሚገባባቸው ክፍት ዳሶች፣ የአትክልት ቦታ፣ መታጠቢያ፣ ትኩስ ምግብና የቀን እንቅልፍ፤ በቃ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጦርነት ተነሥቶ እናቶች ጥይት ፋብሪካ ሲገቡ ቦታው ይበልጥ ተፈለገ። ሬቸል በ1917 ሞቱ፤ ማርጋሬት እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1931፣ ሥራውን አልተዉም። የእንግሊዝ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች በገንዘባቸው መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፍቱ የፈቀደው በ1918 ነው።

ዴፕትፎርድ ግን አትክልት እንጂ ጫካ አልነበረም። ወደ ጫካው የተገባው ዴንማርክ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኮፐንሀገን በስተሰሜን በምትገኘው ሰለሮድ፣ ኤላ ፍላታው የተባሉ እናት ልጆቻቸውን ይዘው በየዕለቱ ደን ለደን ይዘዋወሩ ነበር። የጎረቤት ልጆች ተከተሉ፤ ወላጆቹ የልጆቻቸውን ሁኔታ አይተው ወደዱትና ዘላቂ ነገር እንዲሆን ተደራጁ። ስዊድን ውስጥ ደግሞ ዬስታ ፍሩም በ1957 ስኩግስሙለ የሚባል የጫካ ፍጡር በምናባቸው ፈጥረው ልጆችን በእሱ እየሳቡ ስለ ተፈጥሮ ማስተማር ያዙ። ከዚያው ሐሳብ የበቀለው፣ በረዶም ዝናብም የማያስቀረው መዋዕለ ሕፃናት በ1985 ሊዲንገ ላይ ተከፈተ።

ወደ ፍሮብል አገር ስንመለስ፣ ኡርዙላ ዙበ በ1968 በቪስባደን ከተማ የጫካ አፀደ ሕፃናት ጀመሩ። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሥራው የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ከርስቲን የብሰንና ፔትራ የገር የተባሉ ሁለት መምህራት በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ በርና ግድግዳ ስለሌለው የዴንማርክ አፀደ ሕፃናት አነበቡ፤ ሄደውም አዩት። በ1993 ፍሌንስቡርግ ላይ የከፈቱት በጀርመን የመንግሥት ዕውቅና ያገኘ የመጀመሪያው ሆነ። ዛሬ በጀርመን ከ1,500 በላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ።

ውሎው ምን ይመስላል? ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ጠዋት ምድጃ ያለው ተሳቢ ቤት ደጃፍ ይሰበሰባሉ። ክብ ሠርተው ይዘምራሉ፣ ማን እንደቀረ ይቆጥራሉ፣ ምሳቃቸውን በጀርባ ቦርሳ አዝለው ይጓዛሉ። ደንቡ ጥቂት ነው፤ ጥብቅ ግን ነው። መምህሯ ከማትታይበት አትሂድ፤ ምልክት ካለው ዛፍ ሥር ሌላው እስኪደርስ ጠብቅ፤ ያገኘኸውን ፍሬ አትቅመስ። ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ቀን ቅርንጫፍ ስለሚወድቅ ወደ ደኑ አይገባም።

የተገዛ መጫወቻ የለም። የጥድ ፍሬ ጠዋት ዳቦ፣ ከሰዓት ገንዘብ ይሆናል፤ እቃ እቃ የተጫወተ አንባቢ ይህንን ማስረዳት አያሻውም። ጓደኝነቱ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ክፍል ውስጥ አንዲት መኪና ለአምስት ልጅ ጠብ ናት። ጫካ ውስጥ ዱላው የትየለሌ ነው (የተሻለው ዱላ የኔ ነው የሚል ጠብ መኖሩ እንዳለ ሆኖ)። ቤት ልሥራ ያለ ልጅ ግንዱን ብቻውን ማንሳት አይችልምና ሌላ ልጅ መጥራት አለበት። የተጠራው ቋንቋውን ገና የማያውቅ አዲስ መጤ ቢሆንም ግንዱን ለመያዝ ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ሁለቱ ነገ አብረው ሲገኙ አይደንቅም።

በኖርዌይ ኢንጉን ፍዮርቶፍት በ2001 ያሳተሙት ጥናት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት የሆኑ ልጆችን ለዘጠኝ ወር ያህል ተከታትሏል። በየቀኑ በደን የተጫወቱት በተለመደው ሜዳ ከተጫወቱት ይልቅ በሚዛን አጠባበቅና በሰውነት ቅንጅት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ወጣ ገባ መሬት ያስተምራል ማለት ነው። ስለ ጠባይና ስለ ትምህርት ውጤት የሚነገረውን ግን በጥንቃቄ ማየት ይበጃል፤ ልጃቸውን ለጫካ የሚሰጡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው የተማሩና የሚተርፍ ጊዜ ያላቸው ናቸው።

ገጠር ያደገ አንባቢ “ይህ ደግሞ ገንዘብ ይከፈልበታል?” ብሎ ቢስቅ አልፈርድበትም። ጥጃ ጥበቃ የወጣ የስድስት ዓመት ልጅም በጅራፍ ጩኸትና በጭቃ በሬ መካከል ጓደኛ አፍርቷል። ልዩነቱ፣ ጥጃው ማሳ ቢገባ እሱን የሚጠይቀው አለ፤ የፍሌንስቡርጉ ልጅ ግን ከጨዋታ በቀር ሌላ ሥራ የለበትም።

በጀርመንና በስዊድን ያላችሁ ወላጆች፣ ልጁ “የጫካ ቀን” የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣ ብርድ ይመታዋል ብላችሁ አታስቀሩት። ውኃ የማያስገባ ሱሪና ቦቲ ገዝታችሁ ላኩት፤ ማታ ሲመለስ ደግሞ ብብቱንና ከጆሮው ጀርባ መዥገር እንዳይኖር ፈትሹት።